ለክፉ ቀን የተቆጠበ ቅዝቃዜ

ሰው ለዕቃው ሲሳሳ፣ ዕቃውም በተራው የሚሳሳለት ይመስለዋል። ዕቃ ግን ይሉኝታ አያውቅም። ይህችን የመሰለች ቀላል ነገር ለመረዳት አንዳንዱ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ፀጉሩ እስኪነጣ ይዞራል። ጋሽ አይነኬ ከኋለኞቹ ነበሩ።

"አይነኬ" እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። የሰፈር ሰው ነው የሰየማቸው፤ የሰየማቸውም በክፋት አይደለም። ቤታቸው የገባ እንግዳ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሰማው ቃል "እሱ አይነካም!" ስለሆነ ነው። በመስታወቱ ቁም ሣጥን የተደረደሩት ብርጭቆዎች አይነኩም፤ ቤተሰቡ የሚጠጣው እጀታው በተሰበረ ኩባያ ነው። ሶፋው አይነካም፤ ሰው የሚቀመጠው በርጩማ ላይ ነው። ሁሉም ነገር ለእንግዳ ቀን፣ ለክፉ ቀን፣ ለሌላ ቀን ይቀመጣል። ያ ሌላ ቀን መጥቶ በራቸውን ሲያንኳኳ ግን አንድም ጎረቤት አይቶ አያውቅም።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን የሰው መኪና ሲነዱ ኖረው በስተርጅና የራሳቸውን ገዙ። እሷ ደግሞ ከአይነኬዎቹ ሁሉ የባሰች አይነኬ ሆነች። የወንበሮቿ ላስቲክ እንኳ እንደተሸጠች አለ፤ አልተገፈፈም። ከመሪው ጎን ያለችው የኤሲ ቁልፍማ ምን ቀለም እንዳላት ያዩ እንደሆነ እንጂ ጣት አርፎባት አያውቅም። "ኤሲ ነዳጅ ይጠጣል፤ ሞተር ያደክማል፤ ደረት ይመታል፤ ደግሞም አንድ ቀን የባሰ ነገር ሲመጣ ይደርስልናል" ይሉ ነበር።

የባሰው ነገር በባለቤታቸው በኩል መጣ። የሴትዮዋ ልብ ደከመ። ሐኪም ሙቀት አያግኛት አለ። የልብ ሐኪም የሚገኘው ግን ከቆላው ሆስፒታል ነው፤ መንገዱ ተጠምዝዞ ተጠምዝዞ ወደ ሙቀቱ ይወርዳል፤ መስኮት ከተከፈተ አቧራው ያፍናል፤ ከተዘጋ መኪናዋ ምድጃ ትሆናለች። ሐኪሙም እዚያ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ያን ዕለት ገብቷል፤ በማግሥቱ ውሎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ በዚያን ቀን፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ጋሽ አይነኬ የመኪናቸውን ኮፈን ከፍተው ከመንገድ ዳር ቆመዋል። የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ከኋላ ወንበር ባለቤታቸው በሩን ከፍታ እግሯን ወደ ውጭ አውጥታ፣ አየሩን በማንኪያ እንደሚያቀርቡላት ሁሉ ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ ትተነፍሳለች።

አንድ ወጣት በዘይት የጠቆረ ቱታ ለብሶ፣ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥሎ በመንገዱ ያልፍ ነበር። ቆመ።

"እንደምን ዋሉ ጋሼ? ምን ገጠመዎት?"

"ምንም አልገጠመኝም። እያየሁት ነው።"

"ኮፈን ከፍቶ የሚታይ መልካም ነገር አለ እንዴ?"

"አንተ ማነህ?"

"እዚያ ፊት ለፊት ካለው ጋራዥ ነኝ። መካኒክ ነኝ።"

"ታዲያ እንዲህ በል! እናንተ መኪና ሲወድቅ ሽታው ከየት ነው የሚደርሳችሁ? አሞራ እንኳ እንደናንተ አይፈጥንም።"

"አሞራ ዳቦ ይዞ አይመጣም ጋሼ" አለ ወጣቱ ፌስታሉን ከፍ አድርጎ። "ምሳዬን ልበላ እየሄድኩ ነው። ካልፈለጉኝ አልፋለሁ።"

"አንተ ሰው" አለች ሴትዮዋ ከውስጥ፣ በደከመ ድምፅ፣ "ልጁን ስደበውና እዚሁ እንደር።"

ጋሽ አይነኬ ከኮፈኑ ገለል አሉ። የደከመ ሰው ቁጣው እንኳ ቶሎ ያልቅበታል። ወጣቱ ቀረብ ብሎ ወደ ሞተሩ አጎነበሰ። ሞተሩ ሲሽከረከር ሌላውን ዕቃ ሁሉ ይዞ የሚያዞረው ቺንጋ ተበጣጥሶ፣ ክሩ ጥርስ ውስጥ እንደቀረ ሥጋ እየተንጠለጠለ ነበር።

"ጋሼ፣ ኤሲ አብርተው ነበር?"

ጋሽ አይነኬ የተሠወረ ኃጢአታቸው አደባባይ እንደወጣ ሁሉ ደነገጡ።

"ዛሬ ገና! በሕይወቴ ዛሬ ገና ብነካው! መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ እጄን አላሳረፍኩበትም። ዛሬ እሷ ስትጨነቅብኝ ጊዜ፣ ይኸው ለዚህ ቀን ነው ያቆየሁት ብዬ ነካሁት። ትንሽ አጉረመረመ፣ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ጧ! አለ። አየህ? አለመንካት ነበር ደጉ።"

ወጣቱ ሴትዮዋን አየ። "መጀመሪያ ጥላ ውስጥ እናስገባቸው" አለ። ከጋራዡ ሰዎች ጠርቶ መኪናዋን ገፍተው አስገቧት።

ጋራዡ እንደማንኛውም ጋራዥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ የጠቆረ፣ ግድግዳው ላይ ቁልፎች በየልካቸው የተሰቀሉበት። ከጥጉ ከአውቶቡስ የተነቀለ ረጅም ወንበር አለ፤ ባለጉዳይ የሚጠብቀው እዚያ ላይ ነው። ሴትዮዋን እዚያ አስቀመጧት፤ ውኃ አመጡላት፤ ወጣቱ ካርቶን ቀዶ ማራገቢያ ሰጣት። እሷም እያራገበች ዓይኗን ጨፈነች። እየተሻላት ነበር፤ ግን የሚሻለው ሰው ፊት አልነበራትም። የሰለቸው ሰው ፊት ነበራት።

ወጣቱ ቁልፍ አግብቶ የኤሲውን ጋዝ የሚገፋውን ኮምፕረሰር በእጁ ሊያዞረው ሞከረ። ወይ ፍንክች።

"ተጣብቋል" አለ። "ኮምፕረሰሩ ነው የደረቀው። እሱ አልዞር ሲል ቺንጋውን ጠበሰው። ያው ቺንጋ የራዲያተሩን ውኃም ስለሚያዞር፣ ቢነዱት ኖሮ ሞተሩም ይፈላ ነበር። ማቆምዎ ደግ ነው።"

"ማቆሜንማ ማንም አያስተምረኝም። አሁን ስማ ልጄ። እኔ ስለ መኪና ዛሬ አልሰማሁም። ይህን የሞተውን ነገር ዝለለውና በላዩ ሳታሳልፍ አጭር ቺንጋ ግጠምልኝ። ብዙዎች እንዲያ ነው የሚያደርጉት። የልብ ሐኪሟ ቆላ የሚቆየው እስከ ነገ ብቻ ነው፤ መኪናዋ ትሂድልኝ እንጂ ሌላው ይቅር።"

"ይቻላል ጋሼ። ቶሎም ያልቃል። ግን እማማን ነገ በምን ሊያቀዘቅዟቸው ነው?"

"መስኮት አለ።"

"አቧራውን ማን ይውጠው? እኔ?" አለች ሴትዮዋ ዓይኗን ሳትገልጥ።

"በሻርፕ ትሸፈኛለሽ።"

"ተሸፍኜ መተንፈሱንስ ማን ይተንፍስልኝ?"

ከወዲያ ጎማ የሚፈታው ሰው ሳቀ። ጋሽ አይነኬ ዞረው ሲያዩት ጎማው ላይ አቀረቀረ።

"ጋሼ፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለ ወጣቱ። "ይህ ዕቃ ለምን የሞተ ይመስልዎታል?"

"ስለነካሁት ነዋ።"

"እኔ ደግሞ ስላልነኩት ነው እላለሁ።"

"ኮሌጅ ትምህርት ጀመረ!" አለ ጎማ ፈቺው። በጋራዡ ወጣቱን "ኮሌጅ" ይሉታል፤ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወረቀት ይዞ የመጣ እሱ ብቻ ስለሆነ። ስሙ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ሹፈት ነው።

"ያልተነካ ነገር እንዴት ይሞታል?" አሉ ጋሽ አይነኬ። "ሰው እንኳ ሲያርፍ ነው ዕድሜው የሚረዝም። ያረፈ በሬ ነው የሚያርሰው። አንተ ያረፈ ሞተ ስትለኝ እኔ በየትኛው ጆሮዬ ልስማህ?"

"በሾፌሩ ጆሮዎ ይስሙኝ። መሥሪያ ቤት ሳሉ መኪና ለረጅም ጊዜ ቆሞ እንዲቆይ ሲታዘዝ ምን ያደርጉ ነበር?"

"በየጊዜው አስነሣዋለሁ። ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ አደርገዋለሁ።"

"ለምን? ያርፍ አይደል?"

"ባትሪው እንዳይሞት። ጎማው በአንድ ወገን ተጭኖ እንዳይጨፈለቅ። ዘይቱ ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ላዩ እንዳይደርቅ..." አሉ። ራሳቸው ወዳዘጋጁት ጉድጓድ እየሄዱ መሆናቸውን ያወቁት ከጫፉ ላይ ነው። ቢሆንም ሽማግሌ ቶሎ እጁን አይሰጥም። "እሱ ሞተር ነው። ኤሲ ሌላ ነው። ኤሲ ጌጥ ነው።"

"ጌጥ ቢሆንም ብረት ነው ጋሼ። ብረት ደግሞ ዘይት ይፈልጋል። የኮምፕረሰር ዘይት ለብቻው ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ከጋዙ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚዞረው። ኤሲው ሲሠራ ይዞራል፤ ሲዘጋ ይቆማል። አንገቱ ላይ ደግሞ ጋዙን አፍኖ የያዘ ጎማ አለ። ያ ጎማ ዘይቱ ካላራሰው ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ ጋዙ ቀስ በቀስ ይወጣል። ዘይቱንም ይዞት ይወጣል። እርስዎ ዕቃዬን አሳርፌዋለሁ ብለው ሲያድሩ፣ እሱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየፈሰሰ ነበር።"

"ጋዙ ካለቀማ መነሣትም አልነበረበትም!"

ወጣቱ ፈገግ አለ። ከተቃዋሚ አፍ ጥሩ ጥያቄ መስማት የሚያስደስተው ዓይነት ሰው ነው።

"ልክ ነዎት። ጨርሶ ቢያልቅ ኖሮ አልነሣም ይል ነበር፤ የሚከለክለው መቆጣጠሪያ አለው። ግን ጨርሶ አላለቀም። ለመነሣት የሚበቃ ጋዝ ቀርቶታል፤ ለማራስ የሚበቃ ዘይት ግን የለውም። ስለዚህ ተነሣ፤ በደረቁ ዞረ፤ ተበላ።"

"የመኪናዋ ልብ ነው እንዴ የደረቀው?" አለች ሴትዮዋ። "እንግዲህ እኔና እሷ አንድ ሐኪም ሊበቃን ነው።"

ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። እሷ ራሷ ናት የሳቀችው፤ ሳቁ ሳል ሆኖ አለቀ።

ጋሽ አይነኬ ወደ ግድግዳው ዞረው ቁልፎቹን ቆጠሩ። ቆጠሩ ይባል እንጂ አልቆጠሩም። የሚስታቸውን ሳል ላለማየት ነው። ሳል በዓይን የሚታይ ነገር ይመስል።

"እሺ ይህስ ይሁን" አሉ ቆይተው። "ግን የኤሲ ነፋስ ደረት ይመታል። እኔ ታምሜ አውቃለሁ። አለቆቼን ሳመላልስ እነሱ ከኋላ ይበርዳቸዋል፣ እኔን ከፊት ጉልበቴን ይቆረጥመኛል። ልቧ የደከመ ሰው ላይ ብርድ ልጨምርባት?"

"ብርድ ማን ጨምር አለዎት? ሰው ወጥ ውስጥ ጨው በዛ ብሎ ጨው የሚባል አልቀምስም አይልም። መኪናው ፀሐይ ላይ ከቆመ መጀመሪያ በሮቹን ይክፈቱና ያ የታመቀው ሙቀት ይውጣ። ከዚያ ኤሲውን መጠነኛ ላይ ያድርጉት። ነፋሱን ወደ ደረት ሳይሆን ወደ ላይ ያዙሩት፤ ከጣሪያው ተመልሶ በመኪናው ውስጥ ሁሉ ይዳረሳል። ጉልበትዎን የቆረጠመዎት ኤሲው አይደለም፤ አለቃዎ እስከ ጥግ የከፈቱት ነው።"

"አለቃማ እንዲያ ነው" አሉ ጋሽ አይነኬ በማይፈልጉት ስምምነት። "የራሱ ያልሆነ ነገር ላይ እስከ ጥግ ነው።"

"የራስዎ ላይ ደግሞ እርስዎ እስከ ወዲያኛው ጥግ ሆኑ።"

ይህ ትንሽ ነካቸው። ፊታቸው ከረረ። "ምላስህ ረዘመ ልጄ። እኔ የለመንኩህ አጭር ቺንጋ ነው፤ ረጅም ምላስ አይደለም። ትዘለዋለህ ወይስ ሌላ ጋራዥ ልፈልግ?"

ወጣቱ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከጧት ጀምሮ ሲናገር ነው የዋለው። አንዱን ዘይት በወቅቱ ቀይር ሲለው፣ አንዱን ፍሬንህ አልቋል ሲለው፣ ሁሉም እሺ እያለ ሁሉም እንዳመጣው ይዞ ሄዷል። ዳቦው ፌስታሉ ውስጥ ደርቋል። ማስተማር የሚያደክመው ሰው ስለማይገባው አይደለም፤ ገብቶት ስለሚተወው ነው።

"እሺ ጋሼ" አለ። "እዘለዋለሁ። መኪናው የእርስዎ ነው።"

ሄዶ ከመጋዘኑ አጭር ቺንጋ ይዞ መጣና ኮፈኑ ሥር ገባ። ጋሽ አይነኬ የፈለጉትን አገኙ። ከጎኑ ቆመው ያዩታል። ግን ያሸነፈ ሰው የሚሰማው ነገር አልተሰማቸውም። የተሰማቸው እግራቸው ነው፤ መኪናዋ ከቆመች ጀምሮ ያላረፈ እግር።

በዚህ መሀል ሴትዮዋ ማራገቢያዋን ጭኗ ላይ አኖረች።

"አትድከም ልጄ" አለች ወጣቱን። "በዚያች መኪና ነገ የሚሄድ ሰው የለም።"

"ምን ማለትሽ ነው?" አሉ ጋሽ አይነኬ።

"አልሄድም ማለቴ ነው። ሐኪሙም ይሂድ፤ እኔም ቤቴ ልሁን። ደከመኝ። ዛሬ ያቺ ላስቲክ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቃ፣ አየሩ አልገባ ሲለኝ ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? ያቺን ብርድ ልብስ ነው ያሰብኩት።"

"ደግሞ ብርድ ልብሷ መጣች!"

"አዎ መጣች። ልጃችን ስትዳር የተሰጠን ወፍራም ብርድ ልብስ፤ እንግዳ ሲመጣ ብለህ ሻንጣ ውስጥ ቆለፍክባት። በዚያ ብርድ ስንቱን ሌሊት እየተንዘፈዘፍን አድረናል። እንግዳ የመጣ ዕለት ስንከፍታት ምን አገኘን?"

"ብል ነው የበላት። ብሉን እኔ ጠራሁት?"

"አልጠራኸውም። ግን ከኛ ይልቅ እሱ ሞቆት አደረ።"

ጎማ ፈቺው አሁን ቁልፉን አስቀምጦ በግልጽ ይሰማል። የሚከለክለው አልነበረም።

"እኔ ተቆጥቶ የሚያጠፋ ባል አላገኘሁም፤ ደግ ሰው ነህ" አለች ሴትዮዋ ድምፅዋን ሳታነሣ። "ግን ሁሉን ነገር ለነገ ስታስቀምጥ፣ ነገ እኔ መኖሬን ማን ነገረህ? የክፉ ቀን ይሁን ብለህ ያስቀመጥከውን ቅዝቃዜ ክፉው ቀን ሲመጣ ከፈትከው፤ ባዶ ነው። አሁን ደግሞ ጭራሹን ዝለሉት ትላለህ። እንግዲህ እኔም አብሬ ልዘለል።"

ቆርቆሮው በሙቀት ቀጭ ቀጭ ይላል። ጋሽ አይነኬ ሊናገሩ ፈለጉ፤ የሚሉት የነበረው ሁሉ ግን ለእንግዳ የሚባል እንጂ ለእሷ የሚባል አልነበረም። ብዙ ዘመን አብሮ የኖረ ሰው በማባበያ አይታለልም። መጥተው ከአውቶቡሱ ወንበር ከጎኗ ተቀመጡ። ሁለቱም ፊት ለፊት ያያሉ፤ አውቶቡሱ የሚነሣ ይመስል።

"እውነትሽን ነው አልሄድም የምትይ?"

"መኪናዋ እንዲህ እንዳለች፣ እውነቴን ነው።"

ጋሽ አይነኬ ተነሥተው ወደ ወጣቱ ሄዱ። "ያንን ቺንጋ መልሰው" አሉት። "የሞተውን አውርደውና ውስጡን አሳየኝ። ካልዳሰስኩ አላምንም፤ ዕድሜዬ እንዲያ ነው።"

ወጣቱ ኮምፕረሰሩን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ፈታው። አንገቱ ላይ ያለው ጎማ እንደ ደረቀ ቅጠል ነበር፤ ጋሽ አይነኬ በጥፍራቸው ሲነኩት ተሰባበረ። ከውስጥ ዘይት መኖር ሲገባው ያለው የጠቆረ ጭቃ መሳይ ነገር ነው። ብረቱ ተፋፍቋል። በጣታቸው ዳሰሱት፤ አሸተቱት።

"ይህ ሠርቶ ያረጀ ብረት አይደለም" አሉ በዝግታ።

"አይደለም። ሥራ የጀመረው ዛሬ ነው።"

"መቀመጥ መቆመጥ ነው ይላሉ" አሉ ሽማግሌው፤ ለማንም አልነበረም ያሉት።

ወጣቱ ከተጋጨ መኪና የወረደ፣ የሚሠራ ኮምፕረሰር ግቢው ውስጥ እንዳለ ነገራቸው፤ በእጁ እያዞረም አሳያቸው።

"እሺ፣ እሱን ግጠም። ሌላውን ግን አትንካ!" አሉ ጋሽ አይነኬ። ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም።

"ይሄውልዎ፣ አሁን ደግሞ ልንጣላ ነው ጋሼ። ቧንቧዎቹን ሳላጥብና ማጣሪያውን ሳልቀይር አልገጥምም።"

"ቧንቧው ምን በደለ?"

ወጣቱ አንዱን ቧንቧ ፈቶ አፉን በነጭ ጨርቅ ጠረገና ጨርቁን ወደ ብርሃን ያዘው። ጥቃቅን የብረት ብናኝ አብረቀረቀ። "የሞተው ጥርሱን እዚህ በትኖታል። አዲሱ ሲነሣ የሚውጠው ይህን ነው።"

ጋሽ አይነኬ ጨርቁን ተቀብለው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር ተናገሩ።

"መሥሪያ ቤት አንድ የጭነት መኪና ነበረን። ሞተሩ ተበላና አዲስ ሞተር ገባለት። የዘይቱን ማቀዝቀዣ እጠቡት ብላቸው፣ አንተ ሾፌር ነህ ንዳ አሉኝ። አዲሱ ሞተር የመጀመሪያውን ዳገት አልጨረሰም። ያን ጊዜ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ፤ ያልሰሙት እነሱ።" ጨርቁን መለሱለት። "እጠበው። ደህና አድርገህ እጠበው። ማጣሪያውንም ቀይር። የሚፈሰውም ከየት እንደሆነ ሳታይ ጋዝ እንዳትሞላ።"

"ይህን እኔ ነበርኩ የምነግርዎ!"

"ቀደምኩህ። ኮሌጅ አይደለህ? ፍጠን።"

ጋራዡ በሙሉ ሳቀ፤ ሴትዮዋም ሳቀች፤ በዚህኛው ሳል አልመጣም።

ወጣቱ ሲሠራ ጋሽ አይነኬ ወደ መኪናዋ ሄዱ። በሩን ከፍተው ቆሙ። የኋላው ወንበር ላስቲክ በላብ ጉም ለብሶ የባለቤታቸው ጀርባ ቅርጽ እንደታተመበት ነው። ከጠረጴዛው ላይ ካራ አነሡና ላስቲኩን ከዳር ቀደዱት። መጀመሪያ በጥንቃቄ ነበር፤ በኋላ በሁለት እጃቸው ሳቡት። ድምፁ ትልቅ ሸራ እንደሚቀደድ ነው። ከሥሩ የወጣው ጨርቅ ቀለሙ ምን ያህል ውብ እንደሆነ ሲያዩ ትንሽ አፈሩ፤ ይህን ቀለም ገዝተው አይተውት አያውቁም ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሥራው አለቀ። ወጣቱ ቀዳዳ አለመኖሩን ፈትሾ፣ ጋዝና ዘይቱን በልኩ ሞልቶ ሞተሩን አስነሣ። "ቁልፉን እርስዎ ይንኩት" አለ።

ጋሽ አይነኬ ጣታቸውን ዘርግተው ትንሽ አመነቱ። ነኩት። ከኮፈኑ ሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ዝቅ ብሎ መለስ አለ፤ ከዚያ ነፋሱ መጣ።

"እንግዲህ ይስሙኝ ጋሼ" አለ ወጣቱ በሩ ላይ ተደግፎ። "ብርድ ወራት ቢሆንም በየሳምንቱ ለጥቂት ጊዜ ያብሩት፤ ዘይቱ ይዙር፣ ጎማው ይራስ። ሲጮህ ከሰሙ ነገ አይበሉ። ቅዝቃዜው ሲቀንስ ጋዝ ሙሉልኝ ብቻ አይበሉ፤ ለምን ቀነሰ ይበሉ። ነዳጅ ትንሽ ይጨምራል፤ አልዋሽዎትም። ግን ትንሿን ነዳጅ ሲቆጥቡ ትልቁን ዕቃ ያጣሉ፤ ትልቁን ዕቃ ሲቆጥቡ ደግሞ..." ብሎ ወደ ሴትዮዋ አየና ሳይጨርሰው ተወ።

"ገባኝ" አሉ ጋሽ አይነኬ። "አሁን ሂድና ዳቦህን ብላ። ሰው መክረህ ራስህ በረሃብ ልትሞት ነው።"

ማታውን እዚያው አቅራቢያ አድረው በማግሥቱ ገና በጧት ወረዱ። መንገዱ እንደ ልማዱ ተጠማዘዘ፤ አቧራው እንደ ልማዱ ተነሣ፤ ግን ከመስታወቱ ውጭ ቀረ። ሴትዮዋ ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ በኋላ ጭንቅላቷን ወንበሩ ላይ ጥላ ተኛች። ጋሽ አይነኬ በመስታወቱ ደጋግመው ያዩዋታል፤ መጀመሪያ ፈርተው ነበር፤ በኋላ ደረቷ እኩል ከፍ ዝቅ ሲል አይተው መንገዳቸውን ያዙ። ጉልበታቸውን አልቆረጠማቸውም። እሳቸውም ሳይቆጡ፣ ሳይጣደፉ፣ ሌላ ሾፌር ሳይሰድቡ መንዳታቸውን አስተዋሉ። ለካ ብዙው ቁጣቸው ሙቀት ነበር።

የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከጎናቸው አንድ መኪና ቆሟል። መስኮቶቹ ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል፤ ሾፌሩ አንድ ወፍራም ሰውዬ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ተቀምጧል። ጋሽ አይነኬ ወርደው መስኮቱን አንኳኩ።

"ወንድሜ፣ ኤሲ የለህም?"

"አለኝ።"

"ታዲያ?"

"ለመንገድ ነው የቆጠብኩት። ዝም ብሎ ይደክማል።"

"ይደክማል!" አሉ ጋሽ አይነኬ እጃቸውን ጣሪያው ላይ አሳርፈው። "ውረድና እንነጋገር። ዕቃ ሲሠራ ይደክማል፤ ሲቀመጥ ግን ይሞታል። የደከመ ይጠገናል፤ የሞተ ይዞህ ይሞታል። እኔ ቺንጋዬንና ኮምፕረሰሬን አጥቼ የሐኪሙን ቀጠሮ ለጥቂት ነው ያተረፍኩት። በየሳምንቱ ትንሽ ብታበራው ዘይቱ ይዞራል፤ ጎማው ይርሳል፤ ጋዙም አይሸሽም። የታመመ ሰው ስትጭን ይተኛልሃል፤ አንተም ሰው አትሰድብም። እኔ የምነግርህ ካየሁት ነው፤ እዚያ ላይ ካለው ጋራዥ አንድ ልጅ አለ፤ ምላሱ ረጅም ነው፣ ግን..."

"እኔ ልሂድ?" የሚል ድምፅ ከኋላቸው ተሰማ።

"ቆይ አንድ ጊዜ፣ ይህን ሰውዬ..."

ዞር ሲሉ ሴትዮዋ የለችም። ጥበቃው ባለ ጎማውን ወንበር እየገፋ መጥቶ፣ ሰው ሳያገኝበት ግራ ተጋብቶ ቆሟል። እሷ ቦርሳዋን በክንዷ አንጠልጥላ፣ ማንም ሳይደግፋት፣ በዝግታ የሆስፒታሉን ደረጃ እየወጣች ነበር።

ጋሽ አይነኬ ወሬያቸውን ከመሀል ጥለው ተከተሏት። እግራቸው ግን አልፈጠነላቸውም፤ ትናንት ቆሞ የዋለ እግር ነው።

"ጠብቂኝ እንጂ!"

"ድረስብኝ" አለች፤ አልቆመችም።